ይታጠፍ ሲሉ እጄን አወጣሁ

የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለኑኃሚን፣

ሰላምታዬ ተራራውንም ባሕሩንም ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው እንጅባራ ስገባ እናትሽ ሕይወት «ኮሪያ የሚሉት አገር የኛን የጥርባን ውርጭ ያስንቃል አሉ» ብላ ስትጨነቅ አገኘኋት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከብቶቹም ደህና ናቸው። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ከፊትሽ ክፉ ሰው፣ ከኋላሽ ክፉ ወሬ አይምጣብሽ።

እዚህ ኢንተርኔት ከጠፋ ስለቆየ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለወንድምሽ ለናታን በሚኒባስ ሰድጄለታለሁ። እሱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የኛ ቀበሌ ኔትወርክ እንደሆን ኮረብታው ላይ ለወጣ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው።

አሁን ወደ ደስታዬ ልግባ። አንቺ ለትምህርት እስክትሄጂ በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስለሠራሽ የወረዳው ምክር ቤት አባል መሆኔን ታውቂያለሽ። ሰሞኑን የዓመቱን በጀት ልናሻሽል ተጠራን። ገቢ አልተሰበሰበም፣ መንገዱም ሰላም የለውም፣ ስለዚህ ወጪ ይቀነስ ተባለ። የማሻሻያው ረቂቅ ተነበበ። የሚያነበው ልጅ ከኋላው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ነበር። ሥልጠና ይቀነስ፣ አበል ይቀነስ፣ ጥገና ይቀነስ፤ እኔም ፊቴን ጣል አድርጌ አዳምጣለሁ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የአምቡላንስ ነዳጅና የሹፌር መደብ ይታጠፍ!»

ልጄ፣ ልቤ በራ። ሁሉ ነገር ሲቀነስ የወላዶቹ መኪና እጥፍ! ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ምህረቴ የምትባል መምህርት አለች፤ እሷ ብቻ «ይህቺ አንቀጽ ትብራራልን» ብላ ተነሳች፤ ሰብሳቢው «ጊዜ የለንም፣ ተቀመጪ» አላት። እኔም በልቤ፣ ደግ ነገር ሲመጣ ይቺን ምን ያነጫንጫታል አልኩ። ደግሞ ማጨብጨብ ሲገባን ማንም አላጨበጨበም። ሰው ደስታውን ማሳየት እንኳ የሚፈራበት ዘመን ሆነ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሕዝቡ ተናገርኩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የጎረቤታችን የአወቀ ሚስት ፍቅርአዲስ እንደ ልጄ እንደ የወርቅውሃ እርጉዝ ናት። ግምጃ ቤት ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ልትወልድ ጓዟን ሸክፋ ነበር። «አሁን ምን ያንከራትትሻል፣ አንዷ ብትዘገይ ሌላዋ ትደርሳለች» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለየወርቅውሃ እንጅባራ ቤት መከራያ ብዬ ያስቸገርኩሽን ገንዘብ ተይው፤ ልብስ ግዢበት። ያለፈው ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመናት ከአስፋልቱ ሳንደርስ መታጠፊያው ላይ ልጇን እንዳጣች ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ያ አይደገምም።

አጎትሽ ባዬ

---

ሴኡል፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ ባዬ፣

የጌታ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይብዛ። ለእትዬም፣ ለየወርቅውሃም፣ ለመላው ጎረቤት ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ገና ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሞ እንደከረመ ናታን ነግሮኛል። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው።

ጋሼ፣ «ይታጠፍ» ማለት እጥፍ ይሁን ማለት አይደለም። በበጀት ቋንቋ ታጠፈ ማለት ቀረ ማለት ነው። መደቡ ታጠፈ ማለት ሹፌሩ ተሰናበተ ማለት ነው። ቢሮ ሳለሁ እኛም እንዲሁ ነበር የምንጽፈው። «ይሰረዝ» ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ «ይታጠፍ» ሲባል ግን እንደ ጋቢ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ በማግስቱ የሚዘረጋ ይመስላል። እርስዎ እጅዎን ያወጡት አምቡላንሷ እንድትቀር ነው። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ምንኛ እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ግን ዝም ብል የበለጠ እፈራለሁ።

እባክዎ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት የወርቅውሃን እናቴ ዘንድ ያስገቧት። ክፍሏን ትለቅላታለች። ገንዘቡን ናታን በሚኒባሱ ሹፌር እጅ ይልካል። ፍቅርአዲስንም ወደ አክስቷ እንድትሄድ ይንገሯት፤ እሑድ ለሰሙት ሁሉ ይንገሩ። ነገሩ ደግሞ የማይመለስ አይደለም። የምክር ቤታችሁ ደንብ ካልተቀየረ አባላት ፈርመው አጀንዳ ማስያዝ ይችላሉ፤ በማሻሻያ የታጠፈ በሌላ ማሻሻያ ይመለሳል።

በየሰዓቱ እየጸለይኩ ነው። በቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኑኃሚን

---

መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

ጤና ይስጥልኝ። በጥላው ይሰውርሽ። መልስሽ ስላልመጣ ጻፍኩ፤ ገንዘቡን ተይው ማለቴ አስቀይሞሽ ይሆን? ለክፉ አላልኩትም።

የወርቅውሃ እግሮቿ አብጠዋል፤ ጫማ አልገባ ብሏታል። ፍቅርአዲስ ግን ከእሷ ብትከብድም ሳቋ ከሩቅ ይሰማል። እኔን ባየች ቁጥር «ጋሼ ባዬ፣ ከሁለቱ በየትኛዋ ነው የምሄደው?» እያለች ትቀልድብኛለች።

አንድ ነገር ልቤን ከንክኖታል። ባለፈው ጤና ጣቢያው ጋ ሳልፍ አምቡላንሷ ግቢ ውስጥ ቆማ አየሁ። ከጎማዋ ሥር ሣር በቅሏል። አጋሯ እስክትመጣ ነው ያቆሟት ብዬ ልቤን ላረጋጋ ሞከርኩ። ዘበኛውን «ምነው?» ብዬ ስጠይቀው «ታጥፋ ነዋ» አለኝ። «አውቃለሁ፣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ወደ ማማው ገባ። ለምን እንደዚያ እንዳየኝ እስካሁን ይመላለስብኛል።

ሹፌሩን ኪዳኑን ደግሞ አዲስ ቅዳም ከተማ ገበያ ላይ አየሁት፤ ባጃጅ ላይ ከሰል ይጭናል። ስጠራው ሰምቶ እንዳልሰማ ፊቱን አዞረ። ያ ከሩቅ አይቶኝ ክላክስ የሚያደርግልኝ ልጅ!

መምህርት ምህረቴም ትምህርት ቤት ከቀረች ሰነበተች። «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ተብላ ሄዳ ነው ይላሉ። ማን እንደጠራት የሚናገር የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ይብራራልን ማለት ይህን ያህል ጥፋት ነው?

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ያንን ገንዘብ ካላጠፋሽው ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ፈራሁ።

አጎትሽ ባዬ

---

ሴኡል፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዬ፣

ጌታ ይህን ወረቀት ከእጅዎ ያድርስልኝ፤ ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ የለኝም።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ማለት ነው። ናታን ከሰጠው ሹፌር ዘንድ ተቀምጧል፤ መንገዱ ሲከፈት ይህንንም ጨምሮ ያመጣዋል። ስለዚህ ነገሬን በአጭሩ እደግመዋለሁ፤ አምቡላንሷ ቀርታለች። አጋር የላትም። ብትደውሉ የሚያነሳ የለም። ዘበኛው እንደዚያ ያየዎት ለዚህ ነው።

የወርቅውሃን ዛሬውኑ ከተማ ያስገቧት። ፍቅርአዲስንም። እግር ማበጥ ለእርጉዝ ቀላል ነገር አይደለም። ለእናቴ ስልክ ስደውል ይጮሃል፣ ይቆረጣል፤ ትናንት አንድ ጊዜ «ሃሎ» ስትል ሰማኋትና ተቋረጠ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

ኑኃሚን

---

ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛን አትጠይቂን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ፖስታ ደረሱኝ። የመጀመሪያውን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ ታላቅ ሰው ተብዬ ተመርጬ፣ ቃሉ ሳይገባኝ እጄን አወጣሁ። በትምህርት ቤት አማርኛ ተምሬያለሁ፤ ልቤ የሚያስበው ግን በአዊኛ ነው። ያን ቀን ልጁ ሲያነብ ጆሮዬ «እጥፍ» የምትለዋን ይዞ ሌላውን ተወው።

በማግስቱ የወርቅውሃን በጋሪ አስፋልቱ ድረስ፣ ከዚያ በባጃጅ እናትሽ ቤት አደረስኳት። ሕይወት በእንባ ተቀበለችን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አባላቱንም ተራ በተራ ቤታቸው እየሄድኩ በአዊኛ ጠየቅኳቸው። ጉድ ነው ልጄ። ገሚሶቹ እንደኔው እጥፍ የመሰላቸው ናቸው። የቀሩት ገብቷቸዋል፤ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ ብቻቸውን መቅረት ፈርተው ነው። አጀንዳ ለማስያዝ የሚበቃ ፊርማ አግኝቻለሁ፤ ለግንቦት መጀመሪያ ተቀጥረናል። ከፈረሙት አንዱ ማታውኑ መጥቶ «ስሜን ሰርዘው» ብሎኛል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። አወቀ ቤት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ፍቅርአዲስ «የአምቡላንሱ ሰውዬ መጡ!» ብላ ሳቀች። ትኩስ ቆሎ አቀረበችልኝ። «እንደው ለማንኛውም አክስትሽ ዘንድ ብትሄጂ» አልኳት። አወቀም «ምነው ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እጥፍ ሆነ ያሉን? አሁን መንገዱስ እንዴት ይታመናል?» አለኝ። ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ምክር ቤቱ አምቡላንሷን አስቀረ ብል በማግስቱ ሕዝብ ያሳምጻል ብሎ አንዱ ወገን ይወስደኛል፤ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብል ሌላው ወገን ደጄን ያንኳኳል። ቆሎዬን በልቼ መርቄ ወጣሁ።

ፋሲካን ይዋሉና እነግራቸዋለሁ። ገና ወሯ አልገባም ይላሉ። ለስብሰባው የምናገረውን ጻፊልኝ፤ የሰነዱ ቋንቋ በአንቺ ልክ ነው።

አጎትሽ ባዬ

---

ሴኡል፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ባዬ፣

የመከራ ቀን መሸሸጊያ የሆነ ጌታ በዙሪያዎ ይቁም። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት።

የወርቅውሃ እናቴ ዘንድ መግባቷን ሳነብ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ስለ ስብሰባው ግን የምጽፈው የጠየቁኝን አይደለም። ባለፈው ነገሩ ይመለሳል ብዬ ያበረታታሁዎት እኔ ነኝ፤ ሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ናታን ከአገር ቤት የመጣ ሰው አግኝቶ ስለ መምህርት ምህረቴ ቢጠይቀው ሰውየው ወሬውን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጋሼ፣ አይናገሩ። የእርስዎ ልጅ ከተማ ገብታለች። ታምሜያለሁ ብለው ይቅሩ። ይህን ስል አፍራለሁ፤ ግን እርስዎን ከማጣ ልፈር።

ለፍቅርአዲስ ግን ፋሲካን አይጠብቁ፤ ይህ ሲደርስዎት ምናልባት አልፎ ይሆናል። ሰው ባለበት መናገር ካስፈራዎት አወቀን ብቻውን እርሻ ላይ ያግኙት። ሁለት ቃል ትበቃለች፤ «አምቡላንስ የለም።»

ልጅዎ ኑኃሚን

---

ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። «አይናገሩ» ያልሽው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ተናግሬያለሁ።

በመጀመሪያ ደስታሽን ልስጥሽ። የወርቅውሃ እንጅባራ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ደም ግፊት ነበረባት፤ ሐኪሙ ከገጠር ብትሆን ኖሮ አትተርፍም ነበር ብሏል። እናትሽ በፊትም በኋላም አልተለየቻትም። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ የልጅ ልጄን ዕድሜ ለአንቺም ይጨምርልሽ።

ፍቅርአዲስ አርፋለች።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ምጡ ማለዳ ያዛት። እኔ ለስብሰባው አባላቱን ላስታውስ ወጥቼ ቤት አልነበርኩም። አወቀ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሰዎች ቃሬዛ እናምጣ ሲሉት «ቆዩ፣ ትመጣለች» እያለ አስጠበቃቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የተሸከሟት። መታጠፊያው ላይ ደረስኩባቸው። ቃሬዛውን መሬት አውርደውት ቆመዋል። ልጁም በሆዷ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ስብሰባው ደረሰ። ልጄ፣ ደፋር ሆነ እንዳትዪኝ፤ እየፈራሁ ነው የገባሁት። ሰብሳቢው «የቀረበው አጀንዳ አንቀጿ ትመለስ የሚል ነው፤ አንቀጿ ግን በሙሉ ድምፅ የጸደቀች ናት» አለ። ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። በአዊኛ «አንድ ቃል ብቻ ቀይሩልኝ» አልኩ። «ይታጠፍ የሚለውን ሰርዙና፣ ምጥ የያዛት ሴት መኪና አታገኝም ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ እንደገና አንብቡልን፤ የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

የሚያነበው ልጅ ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ። ከኋላ አንዱ «ይነበብ» አለ፤ ሌላውም ደገመ። ልጁ አነበበው፤ ያን ቀን ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ነዳጁም የሹፌሩም መደብ ተመለሰ፤ ለዚያ ማካካሻ ከኛ ከአባላቱ የስብሰባ አበል ተቀነሰ። ኪዳኑ ወደ ሥራው ገብቷል። ትናንት አምቡላንሷ በደጃችን እየጮኸች ስታልፍ ውሻው ሁሉ ተከተላት።

ምህረቴም ተመልሳለች። ከስታለች፤ ስለሄደችበት አትናገርም፣ እኛም አንጠይቃትም። ለእኔ ደግሞ «ሐሙስ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የሚል መልእክት መጥቶልኛል። እሄዳለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እሄዳለሁ። ካልተመለስኩ የወርቅውሃን አደራ።

የበለጠ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት አወቀ መጣ። ይጮህብኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር። ሰላም ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያችኑ ያወጣኋትን እጅ። ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። እንዲህም አለኝ፦

«ጋሼ ባዬ፣ እርስዎ ዋሽተው አያውቁም። አንዷ ብትቀር ሁለተኛዋ ትመጣለች ብዬ ነው እኮ እስከ ማታ የጠበቅኩት። ሁለተኛዋ የት ሄዳ ነው?»

ያን ጊዜም አልነገርኩትም። እንግዳ መጣ ብዬ ተነሳሁ፤ እንግዳ አልነበረም። ነገም እመጣለሁ ብሎኛል።

ልጄ፣ ገንዘብ አልጠይቅሽም። ይህን ለአወቀ የምነግርበትን ቃል ላኪልኝ፤ እንደ «ይታጠፍ» የማይሸፍን ቃል ይሁን።

አጎትሽ ባዬ